በጦርነት ዘመን የብሪታንያ የምግብ ራሽን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከ1940 እስከ 1954 በብሪታንያ ስለነበረው የምግብ ራሽን ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ዓመተ ምሕረቱ፣ ወሩና ቀኑ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ብሪታንያን የሚያህል ሀብታም አገር ምግብ በራሽን ማደል ለምን አስፈለገው?

ገንዘብ አጥታ ሳይሆን ምግቧ በመርከብ የሚመጣ ስለነበር ነው። ከጦርነቱ በፊት በየዓመቱ 20 ሚሊዮን ቶን ገደማ ምግብ ከባሕር ማዶ ታስገባ ነበር። ሕዝቡ ከሚበላው ሥጋ ከግማሽ በላይ፣ ከፎርማጆውና ከስኳሩ ደግሞ 70 በመቶ ገደማው የውጭ ነው። ጀርመን ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ባሕር ሰርጓጅ መርከቦቿም የጭነት መርከቦችን ማደን ያዙ። በሚያዝያ 1940 ዴንማርክ በጀርመን እጅ ስትወድቅ ከዚያ ይመጣ የነበረው ቅቤ፣ እንቁላልና የአሳማ ሥጋ በአንድ ጊዜ ተቋረጠ።

ሌላው ምክንያት የአንደኛው የዓለም ጦርነት ትምህርት ነው። በ1917 መርከቦች በብዛት ሲሰምጡ መንግሥት ራሽን ለመጀመር አመነታ። ዋጋ ናረ፣ ሴቶች ከሌሊት ጀምረው በየሱቁ ደጃፍ ተሰለፉ፣ ገንዘብ ያለው ገዝቶ አከማቸ። ራሽኑ በ1918 ሲመጣ ሰልፉ አጠረ። ይህን ያየ መንግሥት በሁለተኛው ጊዜ ቀድሞ ተሰናዳ፤ የምግብ ዕቅድ የሚያወጣ ክፍል በ1936 ተቋቁሞ ሥራውን ጀምሮ ነበር።

መቼ ተጀመረ?

ጥር 8 ቀን 1940። መጀመሪያ የተመጠኑት ቅቤ፣ ስኳርና ቤከን የሚባለው ጨው የገባው የአሳማ ሥጋ ናቸው። በመጋቢት ሥጋ፣ በሐምሌ ሻይና ማርጋሪን፣ በ1941 ማርማላታና ፎርማጆ፣ በ1942 ሳሙናና ከረሜላ ተከተሉ። ራሽኑ ሲጀመር አፄ ኃይለ ሥላሴ እዚያው አገር፣ ባዝ ከተማ በሚገኘው ፌርፊልድ ሃውስ በስደት ይኖሩ ነበር፤ ወደ ሱዳን የተነሡት በሰኔ 1940 ነው።

አንድ ሰው በሳምንት ምን ያህል ይደርሰው ነበር?

መጠኑ እንደ መርከቡ መድረስና መስጠም ከፍና ዝቅ ይል ነበር። የተለመደው የአንድ አዋቂ ሰው የሳምንት ድርሻ ግን ይህን ይመስላል፦ ሻይ ቅጠል 57 ግራም፣ ስኳር 227 ግራም፣ ቅቤ 57 ግራም፣ ማርጋሪን 113 ግራም፣ ፎርማጆ 57 ግራም፣ ቤከን 113 ግራም፣ አንድ እንቁላል፣ ወተት ከአንድ ሊትር ተኩል ጥቂት የሚበልጥ። እንቁላሉ ላይገኝም ይችላል። ከ1942 አጋማሽ ጀምሮ ከአሜሪካ የእንቁላል ዱቄት መጣ፤ አንዱ ፓኬት የ12 እንቁላል ምትክ ነው ተብሎ ይሸጥ ነበር።

ሻይውን እንመልከት። 57 ግራም ማለት በቀን ሁለት ሦስት ስኒ ቢያወጣ ነው፤ ሻይ ደግሞ ለእንግሊዛዊ እንደ እኛ ቡና ነው። በ1944 መጨረሻ ዕድሜያቸው ከ70 በላይ ለሆኑ አረጋውያን የሻይ ድርሻ እንዲጨመር ተወሰነ። ከሁሉም ደንቦች እኔን የሚነካኝ ይኸኛው ነው። በዚያ ጭንቅ መካከል የአሮጊቶች ሻይ እንዳይጎድል ያሰበ ሰው ነበረ ማለት ነው።

ሥጋ በግራም ሳይሆን በዋጋ የተመጠነው ለምንድን ነው?

በአሠራሩ ውስጥ እጅግ ብልህ የምለው ይህ ነው። ሥጋ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ጎድንና ጭቅና እኩል አይሆኑም። ለሁሉም እኩል ግራም ቢባል ቀድሞ የደረሰው ምርጡን ይወስዳል፣ የዘገየው አጥንት ይተርፈዋል። ስለዚህ ድርሻው በገንዘብ ተወሰነ፤ መጀመሪያ ለአንድ ሰው በሳምንት የ1 ሺሊንግ ከ10 ፔንስ ሥጋ፣ ኋላ ወደ 1 ሺሊንግ ከ2 ፔንስ ወረደ። ይህ ግማሽ ኪሎ ገደማ ይገዛል። ጥሩውን ብልት የፈለገ ትንሽ ይደርሰዋል፤ ቤተሰብ የበዛባት እናት ደግሞ ርካሹን ገዝታ ረጅም ሰዓት ቀቅላ ብዙ ታደርገዋለች። ጉበት፣ ኩላሊት፣ ጨጓራና የመሳሰለው ያለ ኩፖን ይሸጥ ነበር፤ እስኪያልቅ ድረስ፣ ለቀደመ።

የራሽን ደብተሩ እንዴት ይሠራ ነበር?

መስከረም 29 ቀን 1939 በመላ አገሪቱ የቤት ለቤት ምዝገባ ተካሄደ፤ መታወቂያ ተሰጠ፤ በዚያው መዝገብ መሠረት ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለጨቅላውም ጭምር፣ በስሙ የራሽን ደብተር ወጣለት። ከዚያ እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚሸምትበትን ሱቅ፣ የሥጋ ሻጩንና የወተት ሻጩን ራሱ መርጦ ተመዘገበ። ባለሱቁ ስንት ደንበኛ እንደተመዘገበለት ለአካባቢው የምግብ ቢሮ ያሳውቃል፤ ሸቀጥ የሚላክለትም በዚያው ቁጥር ልክ ነው። ገዢዋ ስትመጣ ኩፖኑን ይቆርጣል ወይም ማኅተም ይመታበታል።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ ኩፖን ገንዘብ አይደለም። ሰዉ ኩፖን ይዞም ዋጋውን ይከፍል ነበር። ኩፖኑ የመግዛት መብት ነው፤ ዋጋውን ደግሞ መንግሥት ወስኖታል፣ ለብዙው ምግብም ከግምጃ ቤት ድጎማ ይሰጣል። በኮታ የተወሰነ ዕቃ ውድ ከሆነ የድሃው ድርሻ መደርደሪያ ላይ ይቀራል፤ ዋጋው ብቻ ተወስኖ መጠኑ ክፍት ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ጠርገው ይወስዱታል። ሁለቱ አብረው ስለተያዙ ነው ራሽኑ የቆመው።

"ነጥብ" የሚባለውስ?

በታኅሣሥ 1941 የመጣ ሁለተኛ ሥርዓት ነው። የቆርቆሮ ዓሣ፣ የቆርቆሮ ሥጋ፣ ደረቅ ፍራፍሬ፣ ብስኩት የመሳሰለው ለሁሉም በቋሚነት የሚዳረስ አይደለም። ስለዚህ ሰው በየአራት ሳምንቱ የተወሰነ ነጥብ ይሰጠዋል፣ መጀመሪያ 16፤ በፈለገው ሱቅ፣ የፈለገውን ይገዛበታል። አንዱ ዕቃ ሲበዛ ነጥቡ ይቀንሳል፣ ሲያጥር ይጨምራል። ለቤት እመቤት ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ ከታዘዘላት ውጭ አንድ ነገር በራሷ ምርጫ ትገዛለች።

ያልተመጠነ ምግብ ነበር?

ዋናዎቹ፣ ዳቦና ድንች፣ በጦርነቱ ዘመን ሁሉ አልተመጠኑም። ሆድ የሚሞላ ነገር ክፍት ሆኖ ከቆየ ሰው የቀረውን ጉድለት ይችለዋል የሚል ስሌት ነው። ዳቦው ግን የድሮው ነጭ ዳቦ አልነበረም። ከ1942 ጀምሮ ከስንዴው 85 በመቶው ዱቄት እንዲሆን ታዘዘ፤ ከፉርሽካው ከፊሉ አብሮ ስለሚፈጭ ዳቦው ግራጫ፣ እርጥብና ከባድ ነበር። ሕዝቡ አልወደደውም። ለመርከቡ ግን ትልቅ ቁጠባ ነው፣ ከተመሳሳይ ስንዴ ብዙ ዳቦ ይወጣልና።

ዓሣም ያለ ራሽን ይሸጥ ነበር፤ ነገር ግን አጥማጆቹ ወደ ባሕር ኃይል ስለሄዱና ባሕሩ ፈንጂ ስለተቀበረበት ውድና ብርቅ ሆነ። የሽንኩርቱ ታሪክ ይበልጥ ይገርማል። ብዙው ሽንኩርት ከፈረንሳይ ብሪታኒና ከቻነል ደሴቶች ይመጣ ነበር፤ በ1940 ሁለቱም በጀርመን ሲያዙ ሽንኩርት ከገበያ ጠፋ። በየመሥሪያ ቤቱ ዕጣ ሲወጣ አንድ ራስ ሽንኩርት ሽልማት ሆኖ ይቀርብ ነበር። ወጥ ያለ ሽንኩርት ለማያውቅ አንባቢ ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሙዝ ደግሞ ከ1940 መገባደጃ ጀምሮ ጭራሽ መግባት ቆመ፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ሙዝ አይተው የማያውቁ ሕፃናት ነበሩ።

ጓሮ ያለው ጓሮውን፣ የሌለው ደግሞ መናፈሻውንና የባቡር ሐዲዱን ዳር ቆፍሮ ድንች፣ ጎመንና ካሮት ተከለ። ዶሮ የሚያረባ የእንቁላል ድርሻውን ትቶ በምትኩ የዶሮ መኖ መውሰድ ይችል ነበር። በእርሻው በኩል ደግሞ የሴቶች የእርሻ ሠራዊት ነበር፤ አባላቱ ከ80,000 በላይ የደረሱበት ጊዜ አለ። ብዙዎቹ ከዚያ በፊት ላም አልበው የማያውቁ የከተማ ልጃገረዶች ናቸው።

ካሮት የሌሊት ዓይን ያበራል የሚለው ከዚያ የመጣ ነው?

አባባሉ ያን ጊዜ በመንግሥት ቅስቀሳ በጣም ተስፋፋ። ጆን ኩኒንግሃም የተባለው አብራሪ የጀርመን ቦምብ ጣዮችን በጨለማ የሚመታው ካሮት ስለሚበላ ነው ተብሎ ተወራ። እውነቱ አውሮፕላኑ ራዳር ተገጥሞለት መሆኑ ነው። ቫይታሚን ኤ የጎደለበትን ሰው ካሮት ይረዳዋል፤ ጤነኛን ሰው በጨለማ የተለየ አያደርገውም።

ድርሻው ለሁሉም እኩል ነበር?

መሠረቱ እኩል ነው፤ ንጉሡም የራሽን ደብተር ነበራቸው። ልዩነት የተደረገው ለችግረኛ አካል ነው። አዋቂዎች ፈዛዛ ቡኒ ደብተር ሲይዙ፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶችና ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አረንጓዴ ደብተር ነበራቸው፤ ትልልቅ ልጆች ሰማያዊ። አረንጓዴ ደብተር የያዘች እናት ለፍራፍሬ ቅድሚያ ታገኛለች፣ የእንቁላል ድርሻዋ እጥፍ ነው። በሐምሌ 1940 በወጣው የወተት ደንብ በቀን ከግማሽ ሊትር ጥቂት የሚበልጥ ወተት በ2 ፔንስ፣ ለድሃ ደግሞ በነጻ ይሰጣታል። ኋላ ለሕፃናት የብርቱካን ጭማቂና የዓሣ ዘይት ተጨመረ። ዘይቱን ልጆቹ አፍንጫቸው ተይዞ ነበር የሚግቱት።

ገበሬዎችና ከመሬት በታች የሚሠሩ የማዕድን ቆፋሪዎች ምሳቸውን ይዘው ስለሚሄዱ ተጨማሪ ፎርማጆ ነበራቸው። ሥጋ የማይበሉ ሰዎች የሥጋ ኩፖናቸውን መልሰው በምትኩ ተጨማሪ ፎርማጆ ይወስዱ ነበር።

ሀብታሞች ሆቴል እየሄዱ ይበሉ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ የሥርዓቱም ትልቁ ቀዳዳ ይህ ነበር። ምግብ ቤት ለመብላት ኩፖን አያስፈልግም። ገንዘብ ያለው የቤት ድርሻውን በልቶ፣ ምሽት ላይ ለንደን ውስጥ ጥሩ ሆቴል ገብቶ ራቱን ይደግማል። ቅሬታው ሲበዛ መንግሥት ሥጋና ዓሣ በአንድ ማዕድ እንዳይቀርቡ ከለከለ፤ በሰኔ 1942 ደግሞ የአንድ ማዕድ ዋጋ ከ5 ሺሊንግ እንዳይበልጥ ደነገገ። ትልልቆቹ ሆቴሎች ለቤቱ ተጨማሪ ሒሳብ ማስከፈል ተፈቅዶላቸው ስለነበር ቀዳዳው ጠበበ እንጂ አልተደፈነም።

በሌላ በኩል ቤታቸው በቦምብ ለፈረሰባቸውና ከሥራ ወጥተው ለሚመገቡ ሰዎች የሕዝብ ምግብ ቤቶች ተከፈቱ። "የብሪታንያ ምግብ ቤት" የሚለውን ስም ያወጣላቸው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቸርችል ነው፤ በ1943 ከ2,000 በላይ ደርሰው ነበር። ሾርባ፣ ሥጋ ከሁለት ዓይነት አትክልት ጋር፣ በኋላ ጣፋጭ፣ በርካሽ ዋጋ።

ጥቁር ገበያ አልነበረም?

ነበር። ባለሱቁ ለወዳጁ ከባንኮኒው ሥር የሚያወጣው ቁራሽ ቅቤ፣ ገበሬው ሳያስመዘግብ የሚያርደው አሳማ፣ ከወደብ የሚሰረቅ ሻይ፣ "ጠፋብኝ" ተብሎ ሁለተኛ የሚወጣ ደብተር፣ ሁሉም ነበር። ቅጣቱ እስከ 2 ዓመት እስራት ይደርሳል፤ የምግብ ሚኒስቴር ተቆጣጣሪዎችም በየሱቁ ይዞሩ ነበር።

ነገር ግን ጥቁር ገበያው ዋናውን ገበያ አልዋጠውም። ምክንያቱ በእኔ እምነት ፖሊስ አይደለም። ከ1940 እስከ 1943 የምግብ ሚኒስትር የነበሩት ሎርድ ዉልተን የመጡት ከንግድ ዓለም ነው፤ ትልቅ የሱቆች ድርጅት ይመሩ ነበር፤ ዕቃ በሌለበት ኩፖን ማደል ምን እንደሚያስከትል ያውቃሉ። መንግሥት ማድረስ የማይችለውን ዕቃ በቋሚ ራሽን ውስጥ አላስገባም። ደብተሩ ላይ የተጻፈው ሁለት አውንስ (57 ግራም) ሱቅ ሲኬድ ይገኛል። ሰው ድርሻውን እንደሚያገኝ እርግጠኛ ሲሆን የሚያከማችበት፣ የሚሰርቅበትም ምክንያት ይቀንሳል።

በራሽኑ ዘመን የሕዝቡ ጤና ተሻሻለ የሚባለው ትክክል ነው?

በብዙው ትክክል ነው፤ በተለይ ለድሆች። ከጦርነቱ በፊት በሰሜን እንግሊዝና በስኮትላንድ የሥራ አጥ ልጆች ወተትና ሥጋ በቅጡ አያገኙም ነበር፤ ለእነሱ ራሽኑ ቅነሳ ሳይሆን ጭማሪ ነው። ጦርነቱ ሲያበቃ የሕፃናት ሞት ከመጀመሪያው ዝቅ ብሎ ነበር። ይህ ሁሉ ግን የራሽኑ ውጤት ብቻ አይደለም። ጦርነቱ ሥራ አጥነትን አጠፋ፤ አባት ደመወዝ አገኘ፤ ድርሻውን ለመግዛት የሚበቃ ገንዘብ ቤት ገባ።

ከጀርባው የሳይንስ ሥራም ነበር። በ1939 መጨረሻ ኬምብሪጅ ውስጥ ሮበርት ማካንስና ኤልሲ ዊዶውሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ከባሕር ማዶ ምንም ባይመጣ ሰው በአገር ውስጥ ምርት ብቻ መኖር ይችላል ወይ ብለው ጠየቁ። ራሳቸውን ከጥቂት ባልደረቦቻቸው ጋር መሞከሪያ አድርገው ለሦስት ወራት ያን ምግብ ብቻ በሉ፤ ድንች፣ ጥቁር ዳቦ፣ ጎመን፣ በጣም ጥቂት ሥጋና ወተት። ከዚያ በክረምቱ ብርድ ወደ ሌክ ዲስትሪክት ተራሮች ሄደው ቀኑን ሙሉ ዳገት ወጡ። ጉልበታቸው አልከዳቸውም። ችግሩ ሌላ ነበር፤ ድንቹን አኝኮ ለመጨረስ ብዙ ሰዓት ይወስዳል፣ ሆድም ይነፋል። ወተት ስላነሰና ፉርሽካ ስለበዛ ካልሲየም እንደሚጎድልም አገኙ፤ ኋላ በዳቦ ዱቄት ላይ ኖራ መሰል ካልሲየም እንዲጨመር የሆነው በዚህ ነው።

ጤና ተሻሻለ ማለት ግን ሕዝቡ ደስ ብሎት በላ ማለት አይደለም። ለዓመታት በየቀኑ ያው ድንች፣ ያው ግራጫ ዳቦ። ከዚህም ላይ ሴቶቹ ፋብሪካ ውለው ይሰለፉ ነበር። ያ ድካም በየትኛውም የጤና መዝገብ አልተጻፈም።

ጦርነቱ በ1945 አብቅቶ ራሽኑ እስከ 1954 ለምን ቆየ?

ዕዳ ነው። አሜሪካ በጦርነቱ ጊዜ በብድር ውል ትልከው የነበረውን ምግብ ጃፓን እጅ እንደሰጠች ወዲያው አቆመች፤ ብሪታንያ ደግሞ ከአሜሪካና ከካናዳ የምትገዛበት ዶላር አልነበራትም። ከዚህም በላይ በጦር የያዘችውን የጀርመን ክፍል መመገብ ነበረባት፤ በ1946 በዓለም ላይ የስንዴ እጥረት ነበር። ስለዚህ በጦርነቱ ሁሉ ያልተደረገው ተደረገ፦ ከሐምሌ 1946 እስከ ሐምሌ 1948 ዳቦ ራሽን ገባ። ከ1947ቱ ከባድ ክረምት በኋላ ድንችም ተመጠነ።

በ1949 ከረሜላ ሲለቀቅ ልጆቹ ሱቆቹን ባዶ አደረጓቸው፣ ከአራት ወር በኋላም ተመልሶ ራሽን ገባ፤ እስከ የካቲት 1953 ድረስ። የሥጋው ድርሻ በ1951 ከጦርነቱም ዘመን በታች ወርዶ ነበር። ያሸነፍነው እኛ ነን፣ የምንራበውስ ለምንድን ነው የሚለው የሴቶች ቁጣ በምርጫው ላይ ተሰምቷል። የመጨረሻው፣ የሥጋው ራሽን፣ ሐምሌ 4 ቀን 1954 ተነሣ።

እኛ ከምናውቀው የቀበሌ ሱቅ ጋር ይመሳሰላል?

በደርግ ዘመን የቀበሌ ኅብረት ሱቅ ደጃፍ ለስኳርና ለሳሙና የተሰለፈ ሰው ይህን ሳይጠይቅ አያልፍም። ኩፖኑ፣ ወረፋው፣ በቤተሰብ ቁጥር መታደሉ ይመሳሰላል። የሚለያዩባቸው ነገሮች ግን ቀላል አይደሉም። ብሪታንያ ውስጥ ሱቁ የግል ነበር፣ ቤተሰቡ ራሱ ይመርጠዋል፣ ባለሱቁ ካስከፋው ኋላ መቀየር ይችላል፤ እኛ ዘንድ ግን አዳዩም መዝጋቢውም ያው ቀበሌው ነው።

ትልቁ ልዩነት በገበሬው በኩል ነው። የብሪታንያ መንግሥት ገበሬው ብዙ እንዲያመርት ጥሩ ዋጋ እየከፈለ፣ ለከተማው በርካሽ ሲሸጥ ልዩነቱን ከግብር ይሸፍን ነበር። በደርግ ጊዜ ገበሬው እህሉን ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በኮታ፣ ከገበያ በታች በሆነ ዋጋ ያስረክብ ነበር። ለከተሜው የረከሰው እህል ሒሳቡ በገበሬው ጀርባ ላይ ነበር ማለት ነው።

በብሪታንያ ማንም በራብ ካልሞተ የጦርነቱን ራብ ማን ተሸከመው?

ይህን የሚጠይቁ ጥቂቶች ናቸው፤ መጠየቅ ግን አለበት። በ1943 በብሪታንያ ቅኝ ግዛት ሥር በነበረችው ቤንጋል እስከ 3 ሚሊዮን የሚደርስ ሰው በራብና ራብ ባመጣው በሽታ አለቀ። ጃፓን በ1942 በርማን ስትይዝ የሩዙ መንገድ ተዘጋ፤ የቅኝ ገዢው ጦር ጃፓን እንዳትጠቀምበት ብሎ ከባሕሩ ዳርቻ ሩዝና ጀልባ ሰበሰበ፤ በጥቅምት ከባድ አውሎ ነፋስ መታ፤ ለጦርነቱ በታተመው ገንዘብ ዋጋ ሰማይ ነካ። እህል የጫነ መርከብ ይላክልን የሚል ጥያቄ ከሕንድ ለንደን በተደጋጋሚ ደረሰ፤ የቸርችል የጦር ካቢኔ የፈቀደው ከተጠየቀው እጅግ ያነሰ ነበር።

ያን ራብ በ9 ዓመቱ ያየው አማርትያ ሴን፣ ኋላ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ሆኖ የቤንጋሉንና የወሎውን የ1973 ራብ ጎን ለጎን አጥንቷል። በሁለቱም ቦታ የሞተው እህል ፈጽሞ ስለጠፋ ሳይሆን እህል የሚያገኝበት መብትና ገንዘብ ያልነበረው ሰው ነው ይላል፤ ወሎ ሲራብ ከወሎ ወደ ሌላ አካባቢ የሚወጣ እህል እንደነበር ጽፏል።

ቤንጋል ውስጥም ለካልካታ ፋብሪካ ሠራተኞች ሩዝ በቅናሽ ይታደል ነበር፣ የጦር ምርት እንዳይቆም። በየገጠሩ ያለው የቀን ሠራተኛ፣ ዓሣ አጥማጅና ሸማኔ ግን በየትኛውም መዝገብ አልነበረም፤ ወደ ከተማው እየተሰደደ አስፋልት ላይ ወደቀ። በካልካታ ሁሉን ነዋሪ የሚያካትት ራሽን የተጀመረው በጥር 1944 መጨረሻ ነው፤ ለንደን ውስጥ የመጀመሪያው ኩፖን ከተቆረጠ ከአራት ዓመት በኋላ።